ጠጅ በብርሌ፣ ምርምርስ በምን?

የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ድካሙ ከተፈጸመ በኋላ ወረቀቱ በሦስት ቅጂ ይጠረዛል፤ አንዱ ለመምህር፣ አንዱ ለቤተ መጻሕፍት፣ አንዱም ለእናት ሣጥን ነው። የእኛም ዕጣ ከዚህ አልተለየም። ጥቁር ልባስ ለበሰ፤ ርእሱ በወርቅ ቀለም ተጻፈበት፤ መምህራችን ፈረሙበት፤ እናታችንም በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከክት ልብሳቸው ጎን አኖሩት። ከዚያ ወዲህ የገለጠው ሰው አለ ለማለት ብንመኝም፣ እውነቱን መናገር ይሻላልና፣ ያለ አይመስለንም።

ጽሑፉ የተጻፈው ስለ ማድ ቤት ጢስ ነበር። በተወለድንበት ከተማ ዳርቻ ከቤት ወደ ቤት እየዞርን፣ እናቶች እንጀራ ሲጋግሩ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠን፣ በምን እንደሚያነዱ፣ ስንት ሰዓት ከጢሱ ውስጥ እንደሚቆዩ፣ ሕፃናቱ የት እንደሚተኙ ጠየቅን። እነርሱም ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ መለሱልን። ቡናም አፈሉልን። እኛ መዝግበን ሄድን።

ባለፈው የፋሲካ በዓል ወደ አገር ቤት ወርደን ሳለን፣ ከእነዚያ እናቶች አንዲቱ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኙን። ጉንጫችንን ስመው ጤናችንን ከጠየቁ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ በደብተርህ የጻፍከው ነገር ምን ሆነ?» አሉን። ተመርቀንበታል ብለን በኩራት ነገርናቸው። «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ግን ምን አገኘህበት?» አሉ። እኛም ከጽሑፋችን መግቢያ ላይ ያለውን ማጠቃለያ በቃል እናውቀው ነበርና እንደ ዳዊት ደገምንላቸው። «ባዮማስ» አልን፤ «የአየር ብናኝ መጠን» አልን፤ «ተያያዥነት ያላቸው ተለዋዋጭ ሁኔታዎች» አልን። እማማ ቅርጫታቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ በትሕትና አዳመጡን፤ ከዚያም «እግዜር ያሳድግህ» ብለውን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይህን ጽሑፍ የሚያጽፈን የዚያን ዕለት ኀፍረት ነው።

አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ። ተረቱን ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለመጀመሪያው ግማሽ ብለን ነው፤ ሁለተኛውን ለዜማው ያህል እናስከትለዋለን። ነገር ግን በሁለተኛው ውስጥ ያለው ትምህርት የሚበልጥ ይመስለናል። ጠጅ በብርሌ የሚጠጣው ብርሌ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም፤ ለጠጅ ስለ ተስማማ ነው። ቡናን በብርሌ፣ ጠላንም በሲኒ የሚያቀርብ ሰው ቢገኝ መጠጡ መጠጥ መሆኑ አይቀርም፤ እንግዳው ግን ግራ ይጋባል። ምርምር አድርጎ አንድ ነገር ያገኘ ሰውም እንዲሁ ነው። የሚለውን ነገር ለማግኘት ዓመታት ይደክማል፤ በምን ዕቃ እንደሚያቀርበው ግን የሚያስበው በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ወይም ከቶ አያስበውም።

በዘመናችን በጣም የተለመደው ዕቃ ቃለ ምልልስ ነው። ራዲዮኑን ብንከፍት ቃለ ምልልስ፣ ቴሌቪዥኑን ብንከፍት ቃለ ምልልስ፣ ጋዜጣውን ብንገልጥም ያው ነው። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቃለ ምልልስ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ምሁሩን መጋበዝ፣ ማይክሮፎኑን ማቅረብ፣ «እስቲ ስለ ጥናትዎ በአጭሩ ይንገሩን» ማለት ብቻ ነው። ምሁሩም በአጭሩ አይነግሩም። ጠያቂው በየመካከሉ «በጣም ጥሩ» እያለ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። እንዲህ ያለው ነገር ስሙ ቃለ ምልልስ ይሁን እንጂ ምልልስ የለበትም፤ አንድ ንግግር በስድስት ቦታ ተቆርጦ የቀረበ ነው።

የእኛ አገር ሰው ጥያቄ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። በጥንቱ ዳኝነት ተከራካሪዎች ዛፍ ሥር ቆመው «ተጠየቅ» ሲባባሉ፣ «በላ ልበልሃ» እያሉ ሲሟገቱ፣ ጥያቄው የተቃራኒውን መልስ አንገት ይዞ የማይለቅ ነበር። በዙሪያው የቆመው ተመልካችም ዝም ብሎ የሚሰማ አልነበረም፤ የማን ቃል እንደ ጸና፣ የማን እንደ ላላ ይመዝን ነበር። ለእኛ እንደሚመስለን መልካም ቃለ ምልልስ ከዚህ ጋር ዝምድና አለው። ጠያቂው የሚቆመው ለምሁሩ ሳይሆን በዙሪያው ለቆመው ሰው ነው። ያ ሰው በልቡ «ይህማ እንዴት ይሆናል?» ሲል፣ ያንኑ ጥርጣሬ በአፍ የሚያወጣለት ጠያቂው ነው።

ጥርጣሬን በሰው አፍ አስገብቶ ምርምርን ማስረዳት በአውሮፓም የቆየ ዘዴ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኢጣሊያዊው ሊቅ ጋሊሌዎ ጋሊሌይ በ1632 ዓ.ም. ስለ ሁለቱ የዓለም ሥርዓቶች የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በሊቃውንቱ ቋንቋ በላቲን ሳይሆን በኢጣልያንኛ ነው፤ ያዘጋጀውም ሦስት ሰዎች ለአራት ቀናት የሚነጋገሩት ጭውውት አድርጎ ነው። ሳልቪያቲ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን ሐሳብ ይዞ ይከራከራል፤ ሲምፕሊቺዮ የአሪስቶትልን ይይዛል፤ ሳግሬዶ የሚባለው ሦስተኛው ሰው ግን ሊቅ ሳይሆን አስተዋይ ጨዋ ነው፤ ይጠይቃል፣ ይገረማል፣ ያልገባውንም አልገባኝም ይላል። መጽሐፉን ሕያው የሚያደርገው ይህ ሰው ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ይሁን እንጂ ዕቃው አደጋም ነበረበት። ጋሊሌዎ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን የኡርባኖስ 8ኛን ሐሳብ በሲምፕሊቺዮ አፍ አስገባው፤ ሲምፕሊቺዮም በመጽሐፉ ውስጥ ሲረታ የሚውል ሰው ነው። በ1633 ዓ.ም. ተፈርዶበት እስኪሞት ድረስ፣ ማለት እስከ 1642 ዓ.ም.፣ በቁም እስር ኖረ። የተፈረደበት ስለዚህ ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ተቃራኒውን ሞኝ አስመስሎ የሚያናግር ሰው ጠላት እንደሚያፈራ የሚያስተምር ነው።

ከጋሊሌዎ ይልቅ ልባችንን የሚነካው ግን የአንዲት ወይዘሮና የአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት እንቆይበት።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ሮያል ኢንስቲትዩሽን በሚባለው ተቋም ሃምፍሪ ዴቪ የተባለ ወጣት የኬሚስትሪ ሊቅ ለሕዝብ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ንግግሩ ያማረ፣ ሙከራውም ብልጭታና ፍንዳታ ያለበት ስለ ነበረ፣ የከተማው ጌቶችና ወይዛዝርት ይጋፉ ነበር። ከእነዚህ መካከል ጄን ማርሴት የሚባሉ የሐኪም ባለቤት ነበሩ። እኚህ ወይዘሮ በኋላ በመጽሐፋቸው መቅድም እንደ ገለጹት፣ ትምህርቱን ሲሰሙ ነገሩ እየፈጠነባቸው ሊይዙት አልቻሉም ነበር። ጉዳዩን ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ቁጭ ብለው ሲጫወቱበት ግን እየተገለጠላቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርቱ ሲመለሱ ከሌላው አድማጭ ይልቅ ይከተሉት ጀመር።

ሌላ ሰው ቢሆን «አሁን ገባኝ» ብሎ ዝም ይል ነበር። ወይዘሮ ማርሴት ግን እንዴት እንደ ገባቸው አስተዋሉ። በ1806 ዓ.ም. ያወጡት መጽሐፍ ስሙ «ስለ ኬሚስትሪ የተደረጉ ጭውውቶች» እንደ ማለት ሲሆን፣ ሚስስ ቢ የምትባል መምህርት ከሁለት ልጃገረዶች ጋር የምታደርገው ንግግር ነው። ኤሚሊ ረጋ ያለች፣ ቅደም ተከተሉን የምትጠብቅ ናት፤ ካሮሊን ግን ትዕግሥት የሌላት፣ ፍንዳታውን ቶሎ ማየት የምትፈልግ፣ በማያምናትም ነገር ላይ አፏን የማትይዝ ልጅ ናት። እኛ ካሮሊንን እንወዳታለን። የመጽሐፉ ብልሃት በእርሷ ላይ ይመስለናል፤ ምክንያቱም አንባቢው ሊጠይቅ የሚያፍረውን እርሷ ሳታፍር ትጠይቃለችና። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ታተመ፤ ለረዥም ጊዜም የደራሲዋ ስም አልተጻፈበትም ነበር።

በዚያው ከተማ የአንጥረኛ ልጅ የሆነ ማይክል ፋራዴይ የሚባል ብላቴና በመጽሐፍ ጠራዥ ቤት ሙያ ይማር ነበር። ከመጠነኛ ንባብና ጽሕፈት በቀር ትምህርት አልነበረውም። የሚጠርዘውን መጽሐፍ ግን ያነብ ነበር፤ ከእነዚያም አንዱ የወይዘሮ ማርሴት መጽሐፍ ነበር። በውስጡ የተባለውን በትንንሽ ሙከራ ራሱ እየሞከረ እውነት ሆኖ ስላገኘው አመነው። በ1812 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ የመግቢያ ወረቀት ሰጥቶት የዴቪን ትምህርት ሰማ፤ የሰማውን ጻፈ፤ ሥዕል ጨመረበት፤ ሙያው ነውና አሳምሮ ጠርዞ ለዴቪ ላከው። በሚከተለው ዓመት ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ይህ ብላቴና ነው በ1831 ዓ.ም. ማግኔት ሲንቀሳቀስ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር ያሳየው፤ ዛሬ ከግድቦቻችን የሚመጣው መብራት የሚመነጨው በዚሁ መንገድ ነው። ፋራዴይ ከከበረ በኋላም ውለታውን አልረሳም፤ የምርምር ጽሑፎቹን ለወይዘሮ ማርሴት ይልክላቸው ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል። አንድ ትምህርት ነው፤ ዴቪ በንግግር አቀረበው፣ ማርሴት በጭውውት አቀረቡት። በአዳራሹ ያልገባው ሰው በጭውውቱ ገባው፤ በጭውውቱ የተማረውም ብላቴና ወደ አዳራሹ መጣ። ከዚህ ተነሥተን ጭውውት ከንግግር ይበልጣል ብንል ግን እንሳሳታለን፤ የሚያሳስተንም ራሱ ፋራዴይ ነው። እርሱ ለወጣቶች ለማስተማር ሲነሣ ያሳደገውን ዕቃ አልመረጠም። በገና ሰሞን ለልጆች የሚሰጠው ትምህርት በዚያው ተቋም የተጀመረው በ1825 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፋራዴይ በዚህ ካቀረባቸው ሁሉ ዝነኛው በ1861 ዓ.ም. የታተመው የሻማ ትምህርት ነው። በስድስት ንግግር ስለ አንዲት ሻማ ብቻ ተናገረ። ከነበልባሉ መካከል በጠማማ የብርጭቆ ቱቦ እንፋሎቱን ስቦ በቱቦው ጫፍ ላይ ሲያቀጣጥለው፣ የሚነደው ሰሙ ሳይሆን ከሰሙ የሚወጣው እንፋሎት መሆኑን ልጆቹ በዐይናቸው አዩ። ቀዝቃዛ ነገር ከነበልባሉ በላይ ሲይዝ ውሃ አቀረረበት፤ ከእሳት ውሃ ሲወጣ አዩ። በመጨረሻም የሰው ልጅ አተነፋፈስ ከሻማው መንደድ ጋር እንደሚመሳሰል አሳየ። ይህን ሁሉ በቃለ ምልልስ ቢያቀርበው ምን ይቀረው ነበር? የቀረበው ነገር መታየት ያለበት ነበርና ፋራዴይ ዐይንንና እጅን የሚያሠራውን ዕቃ መረጠ።

በዚህ በኩል ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን የሐኪሙ የጆን ስኖው ነገር ነው። በ1854 ዓ.ም. በለንደን ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ሕዝቡን ሲፈጅ፣ አብዛኛው ሐኪም በሽታውን የሚያመጣው ክፉ አየር ነው ይል ነበር። ስኖው ግን ከውሃ ነው የሚል ሐሳብ ስለ ነበረው ሐዘን ወዳለባቸው ቤቶች እየሄደ የሞተው ሰው ውሃ ከየት ይቀዳ እንደ ነበር ጠየቀ። ምርምሩ የተሠራው በጥያቄና በመልስ ነው። ያገኘውን ሲናገር ግን እንደ አድማጩ ለየው። ለሰፈሩ ሹማምንት ሄዶ በቃል አስረዳቸው፤ በማግሥቱ መስከረም 8 ቀን በብሮድ ስትሪት የነበረው የውሃ መሳቢያ እጀታው ተነቀለ። (በሽታው ቀድሞም እየቀነሰ ነበር፤ ይህን ስኖው ራሱ አልደበቀም።) ለሐኪሞቹ ደግሞ ካርታ አሳተመ። በካርታው ላይ የሞተው ሰው ሁሉ በየቤቱ በጥቁር ጭረት ተመልክቶ፣ ጭረቱ በዚያ ውሃ ዙሪያ ሲከማች ይታያል። አጠገቡ ያለው የድኾች መጠለያ የራሱ ጉድጓድ ስለ ነበረው የሞተበት ጥቂት ነው፤ የቢራ ፋብሪካው ሠራተኞችም ቢራ ይጠጡ ስለ ነበር ተርፈዋል። ሹማምንቱ የሚያስፈልጋቸው ዛሬ ምን እናድርግ የሚለው ነው፤ ለእርሱ ቃል ይበቃል። ሐኪሞቹ የሚያስፈልጋቸው ለምን እንመንህ የሚለው ነው፤ ለእርሱ ካርታ ያሻል። ወጣት ሹማምንት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን፣ ለሚኒስትሩ ያዘጋጃችሁትን ራፖር ለገበሬው ማኅበር ስትልኩ ይህን ብታስቡት አይከፋም።

ስለ ገበሬ ካነሣን ደግሞ፣ ምርምር ልብ ወለድ ሆኖ የቀረበበትን ጊዜ ማስታወስ ይገባል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪታንያ ምግብ በራሽን ይታደል ነበር፤ ራሽኑ ፈጽሞ የቀረው በ1954 ዓ.ም. ነው። መንግሥቱ ገበሬው አዲሱን የእርሻ ዘዴ እንዲቀበል ይፈልጋል፤ የቢቢሲ ራዲዮም የእርሻ ምክር ያሰማል፤ ገበሬው ግን ብዙም አይሰማውም። በ1948 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ከተማ ገበሬዎችና የራዲዮው ሰዎች ተሰብስበው ሲመካከሩ፣ አንድ ገበሬ ተነሥቶ፣ የሚያስፈልገን የእርሻ ዲክ ባርተን ነው አለ። ዲክ ባርተን በየምሽቱ አገሩን ሁሉ በራዲዮ ዙሪያ የሚያስቀምጥ የጀግና ሰላይ ታሪክ ነበር። ሰዎቹ እንደ ሳቁ ይነገራል። ነገር ግን ጎድፍሬይ ቤዝሊ የተባለው የራዲዮ አዘጋጅ ሳቁን ትቶ አሰበበት፤ ከ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ «ዘ አርቸርስ» የሚባለው የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ታሪክ በመላው አገር ይሰማ ጀመር፤ እስከ ዛሬም አልተቋረጠም። ሰውየው ከልጁ ጋር ስለ ላም በሽታ ሲጣላ የሰማ ገበሬ የላሟን በሽታ ሳያስበው ይማራል። በአገራችንም ከ2002 እስከ 2004 ዓ.ም. በራዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያስተማረው በዚሁ መንገድ ነው። ያን ጊዜ ሕፃናት ነበርንና ትምህርቱን አናስታውሰውም፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሲያዳምጥ «ዝም በሉ!» እየተባልን መቆጣታችን ግን ትዝ ይለናል።

ልብ ወለድም አደጋ የሌለበት አይደለም። በታሪኩ የተማረከ ሰው እውነቱ የትኛው፣ የተጨመረው የትኛው እንደ ሆነ አይለይም፤ «ጥርጣሬ አለበት» የሚለውን ቃል በድራማ ውስጥ ማስገባት ይከብዳል። ስለዚህ ገና ክርክር ያላለቀበትን ነገር በድራማ ማቅረብ ማታለል ይሆናል ብለን እናምናለን። ለእንዲህ ያለው ነገር የሚስማማው ያው ቃለ ምልልስ ነው፤ ጠያቂው «እርግጠኛ ነዎት ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ምሁሩም ትንሽ ዝም ብሎ «እስከዚህ ድረስ እርግጠኛ ነኝ፤ ከዚህ ወዲያ አይደለሁም» ሲል፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ አድማጩ ስለ ሳይንስ ከብዙ ገጽ የበለጠ ይማራል። ቁጥር የበዛበትን ነገር ግን በቃለ ምልልስ አታቅርቡ። ጆሮ ቁጥር አይዝም፤ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይወድቃል።

የእኛው አገር ሊቅ የዶክተር አክሊሉ ለማ ነገርም በዚህ ላይ የሚጨምረው አለ። ዶክተር አክሊሉ በ1964 ዓ.ም. ስለ ቢልሃርዝያ ለማጥናት አድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት፤ ቀንድ አውጣው ከሞተ መንገዱ ይቆረጣል። ከዚያ በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች አስለቅመው የእንዶድ አረፋ ቢጨምሩባቸው ሞቱ። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው በአድዋ አምስት ዓመት ያህል በተደረገው ሙከራ፣ ከትንንሾቹ ሕፃናት መካከል በሽታው ያለባቸው ከመቶ 50 የነበሩት ወደ 7 ወረዱ። ይሁን እንጂ የውጭ አገር ድርጅቶች የመርዛማነቱ ምርመራ በእነርሱ ሥርዓት እንዲደገም ስለ ጠየቁ ሥራው ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው የሚያስታውሰው የትኛውን ነው? ስለ እንዶድ የተጻፈው የምርምር ጽሑፍ ብዙ ነው፤ ሠንጠረዡም ብዙ ነው። እኛ ግን ትምህርት ቤት ሳለን የሰማነውና እስከ ዛሬ ያልረሳነው ወንዙን፣ ሴቶቹንና ቀንድ አውጣዎቹን ነው። ሊቃውንቱን ለማሳመን ሠንጠረዥ ያስፈልግ ነበር፤ ያለ እርሱም ነገሩ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ለሕዝቡ ግን ታሪኩ ራሱ የግኝቱን ምክንያት በውስጡ ይዟል፤ እንዶድ፣ ውሃ፣ የሞተ ቀንድ አውጣ ብሎ የሚናገር ልጅ ምርምሩን ከነአሠራሩ ተናግሯል። እንዲህ ያለ ታሪክ ለሁሉም ምርምር አይገኝም። የሌለውን ፈጥሮ ከመጨመርም ያለ ታሪክ መቅረት ይሻላል። ሲገኝ ግን በሠንጠረዥ ሥር መቅበር ግፍ ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነናል። እነዚያ ልብስ አጣቢዎች ስማቸው በምናውቀው ታሪክ ውስጥ የለም። በወንዝ ዳር ለሊቁ ጥያቄ የመለሱት፣ እንዶዱን ያቀረቡት እነርሱ ናቸው፤ እኛ የምናውቃቸው ግን «ሴቶቹ» በሚል ቃል ብቻ ነው። ይህን ስንጽፍ የእኛም ጥቁር ጥራዝ ትዝ አለን። በእርሱም ውስጥ ቡና ያፈሉልን እናቶች «መልስ ሰጪዎች» ተብለው ተጽፈዋል።

ከዚያ የመንገድ ላይ ኀፍረት በኋላ በሦስተኛው ቀን ወደ እማማ ቤት ሄድን። ምን ይዘን እንሂድ የሚለው አስጨንቆን ነበር። ጽሑፉን አሳጥረን በቀላል አማርኛ ልንጽፈው ሞከርን፤ እማማ ግን ንባብ አይችሉም። ሥዕል ልንስል አሰብን፤ እጃችን እምቢ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው ያህል በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ እንደ ሞተ ያወጣውን ግምት ልንነግራቸው ፈለግን፤ ሚሊዮን ግን ለእርሳቸው ማድ ቤት ምኑም አይደለም። በመጨረሻ ባዶ እጃችንን ሄድን፤ የሄድነውም፣ «ያን ጊዜ እኛ ጠይቀን እርስዎ መለሱ፤ ዛሬ እርስዎ ይጠይቁን» ለማለት ነው።

እማማ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ግን ጠየቁ፤ ያውም ከመምህራኖቻችን ማንም ያልጠየቀንን። «ጢሱ የሚጎዳው እኔን ነው ወይስ ሕፃኑን?» አሉ። ሁለታችሁንም፣ ሕፃኑን ግን ይበልጥ፣ ሳንባው ገና አልጠናምና፣ አልናቸው። «በሩን ብከፍተው?» ይቀንሳል፤ ግን አያጠፋውም። «ታዲያ ሕፃኑ በጀርባዬ ከሚሆን ከአክስቱ ጋር ውጭ ቢቆይ አይሻልም?» በጽሑፋችን ውስጥ 11 ምክሮች ነበሩ፤ ይህ ግን አልነበረበትም። ይሻላል አልን። ከዚያ ምርት ስለሚባለው ከሲሚንቶ ስለሚሠራው የእንጀራ ምድጃ አነሣንላቸው፤ ከሦስቱ ጉልቻ ይልቅ ማገዶውን በግማሽ ገደማ እንደሚቆጥብ ነገርናቸው። በጥሞና አዳመጡን።

«ዋጋውስ?» አሉ።

አላወቅነውም። በ90 ገጽ ውስጥ የምድጃው ዋጋ አልነበረም። እማማ ፊታችንን አይተው ምንም ሳይሉ ወደ ደጅ ወጥተው የጎረቤታቸውን ልጅ ጠሩ፤ «እናትህን ጥራልኝ፤ ያን አዲሱን ምድጃ በስንት እንደ ገዛች ትንገረን» አሉት። ጎረቤቲቱ እጃቸውን እየጠረጉ መጡ፤ ዋጋውን ነገሩን፤ ምጣዱ በደንብ ካልተቀመጠ ጢሱ በየት በኩል እንደሚያመልጥም በእጃቸው አሳዩን። ከዚያ በኋላ ጥያቄውም መልሱም በሁለቱ መካከል ሆነ፤ እኛ ደብተራችንን አውጥተን እንደገና መጻፍ ጀመርን።